ያሰራችሁትን ውሻ አስጠልሉት

ወገኖቼ፣ ሐምሌ ገብቷል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ዝናቧ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሌሊቱም ወደ 10 ዲግሪ ወርዶ ያድራል። እኛ ጋቢ ደርበን፣ በር ዘግተን እንተኛለን። ግቢያችንን የሚጠብቀው ውሻ ግን አጥር ሥር በሰንሰለት ታስሮ፣ ዝናቡ ሲወርድበት ያነጋል። ይህን በየሰፈሩ እያየን ዝም ማለታችን ያሳፍራል።

ሰዉ ሲጠየቅ “ውሻ እኮ ጠጉር አለው፣ ምን ይበርደዋል?” ይላል። ጠጉር የሚያሞቀው ደረቅ ሆኖ በመሃሉ አየር ሲይዝ ነው። ከራሰ ግን ጠጉሩ ቆዳው ላይ ይለጠፋል፤ እንደ ረጠበ ጋቢ የገላውን ሙቀት እየሳበ ያወጣል። ቡችላና ያረጀ ውሻማ ፈጥነው ይጎዳሉ።

ባለቤት የሌለው ውሻ እንኳ ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ሥር ወይም የቆመ መኪና ሥር ይገባል። የእናንተው መሄጃ የለውም፤ ያሰራችሁት እናንተ ናችሁ። እንስሳ ራሱን እንዳያድን ያሰረ ሰው የማዳኑን ግዴታ በራሱ ላይ ወስዷል። ይህን ዕዳ ለዘበኛው ጥሎ ወደ ቤት መግባት አይቻልም፤ ዘበኛውም እኮ የሚያድረው እዚያው ብርድ ውስጥ ነው።

“ቤት ሠርቼለታለሁ” የምትሉም አላችሁ። እስቲ ጎንበስ በሉና እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ። አብዛኛው የውሻ ቤት ወለል የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ ሥሩ ጭቃ ነው፣ ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃም ደጃፉ ላይ ይፈሳል። በብሎኬት ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ ወለሉን ጣውላ አልብሱት፤ በሩን ነፋስና ወጨፎ ከሚመጣበት በተቃራኒ አዙሩት። ቆሞ ለመዞርና ተጋድሞ ለመተኛት ከበቃው ይበቃዋል፤ በጣም የሰፋ ቤት በገላው ሙቀት አይሞቅም። አሮጌ ብርድ ልብስ አትጣሉለት፤ ጨርቅ በክረምት አንዴ ከረጠበ መድረቂያ የለውም። ጭድ አንጥፉለት፣ ሲርስም ቀይሩት። ሰንሰለቱ እስከ ቤቱ ውስጥ የሚያስገባው ይሁን። ቤት ተሠርቶለት፣ ሰንሰለቱ አጥሮት ደጃፉ ላይ ሲበሰብስ የሚያድር ውሻ አይቻለሁ። አንገቱንም ዳብሱት፤ ማሰሪያው እንደረጠበ ከሰነበተ ቆዳውን ይልጠዋል።

አሁን ደግሞ ልብ ሳንለው የምናልፈውን ልናገር። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ከቤታችንም አጥንትና ሥጋ ይጠፋል። ከትራፊ በቀር ምግብ የማያውቀው ውሻ፣ ብርዱ በጠናበት ጊዜ ምግቡ ይቀንስበታል። ሙቀት የሚያገኘው ግን ከሚበላው ነው። ጾሙ የእኛ እንጂ የእሱ አይደለም። እንቁላል ቀቅሉለት፣ ከሩዝ ወይም ከዳቦ ጋር አቅርቡለት። የጾም ወጥ ትራፊ ብቻውን አይሆነውም፤ ሽንኩርት የበዛበት ምግብ ደግሞ ውሻን ይመርዛል።

ድመት ያላችሁም አድምጡ። ዝናቡ አይጡን ከጉድጓድ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ እናንተም መርዝ ትበትናላችሁ። መርዝ የበላችውን አይጥ ድመቷ ትበላና አብራ ትሞታለች። አታድርጉት፤ ወጥመድ አለ። ጠዋት መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን መታ መታ አድርጉ፤ ድመት ሙቀት ፍለጋ ሞተሩ ውስጥ ትገባለች። ስታነጥስ አይታችሁ ከቤት ፓራሲታሞል የምትሰጧትም ተዉ፤ ለድመት ገዳይ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ ማሞቅ እናንተንም እሷንም ይገድላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የቡችሎቹ ነገር ነው። ወንዱ ለጥበቃ ይመረጣል፤ ሴቶቹ በማዳበሪያ ተቋጥረው ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ይጣላሉ፤ ያውም ዓይናቸው ሳይገለጥ፣ በዚህ ዝናብ። ወገኖቼ፣ ይህ ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ልጆቻችንም እያዩን ነው። ማሳደግ የማትችሉትን እንዳታስወልዱ ውሻችሁን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ አስመክኑ። ከተጣሉት መካከል የተረፈው አድጎ ያልተከተበ የጎዳና ውሻ ይሆናል። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙት 100 ሰዎች 99ኙ የሚያዙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ሞት አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። ክትባቱ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ቡችላም ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል። ዘንድሮ ያላስከተባችሁ ነገ ጠዋት ሂዱ።