ምንም የለውም

በቤተሰባችን የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ከቤር ሼባ እንግዶች ሲመጡ እዚህ እስራኤል፣ ሃይፋ ውስጥ ካርመሊት በሚባለው ባቡር ተሳፍረን ወደ ቀርሜሎስ ተራራ እንውጣ፣ ከላይ ሆነን ሃይፋን እንይ፣ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል አልኩ። ሰው አንብቦ ሳይጨርስ ዋርሳዬ መለሰ።

«ሄጄበታለሁ። ምንም የለውም።»

ግሩፑ ጭጭ አለ። አንድ ነገር ልትጽፍ ጀምራ የነበረችው የባለቤቴ እህት እንኳ ተወችው። አንድ ሰው ብቻ አውራ ጣቱን ቀስሮ ላከ። ለእኔ ይሁን ለእሱ እስካሁን አልታወቀም።

«አልወደድኩትም» ቢል ግድ አልነበረኝም። እንዲህ የሚል ሰው ስለ ራሱ ነው የሚያወራው፤ ክርክር ይቻላል። «ውድ ነው» ቢልም ሒሳብ አውጥተን እናያለን። «ምንም የለውም» ግን ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው። ደግሞ ይህ ሰው ያልፈረደበት ቦታ የለም። ሙት ባሕር? ጨው ነው፣ ምንም የለውም። ኤይላት? ሙቀት ነው። አንድ ጊዜ ፓሪስ ደርሶ መጣና እንዴት ነበር ስንለው «ያው ብረት ነው» አለን።

እንግዲህ ይህ ምንም የሌለው ነገር ምን ምን እንደሌለው ልንገራችሁ።

ካርመሊት በገመድ የሚጎተት፣ ተራራው ሆድ ውስጥ ለውስጥ የሚወጣ ባቡር ነው። በፈረንጆቹ 1959 ተከፈተ። የሠሩት ፈረንሳዮች ናቸው፤ የታችኛው ጣቢያም ፓሪስ አደባባይ ይባላል። (ዋርሳዬ ሁለቱንም ፓሪስ አልወደደም ማለት ነው።) ጣቢያዎቹ ስድስት ናቸው። ከወደቡ አጠገብ ይነሳና ጋን ሃኤም በሚባለው የላይኛው ጣቢያ ያበቃል። መንገዱ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ግን 274 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በባስ ዙሪያ ጥምጥም የሚኬደውን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። የባቡሩ ወለል ደረጃ ደረጃ ነው፣ የጣቢያው መድረክም እንደዚያው። ስለዚህ ሰው ተራራ እየወጣም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። ሁለት ባቡሮች በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ታስረዋል። አንዱ ሲወርድ ክብደቱ ሌላውን ወደ ላይ ለመሳብ ያግዛል፤ ሞተሩ የጎደለውን ብቻ ይሞላል። ሐዲዱ አንድ ነው፣ መሐል ላይ ብቻ ለሁለት ይከፈልና ተላልፈው ያልፋሉ። አንዱ ከቆመ ሌላውም ይቆማል። ይኼ ለእኛ ቤተሰብ የሚያሰጋ ነገር ነው። እኛ ቻው ብለን፣ ተነስተን፣ በር ላይ ቆመን እንደገና አዲስ ወሬ የምንጀምር ሰዎች ነን። እዚህ ታች ላይ በሩን ይዘን «ለእናትሽ ሰላም በዪልኝ» ስንል እዚያ ላይ የማናውቃቸው ሰዎች ዋሻ ውስጥ ተገትረው ይቀራሉ።

ከላይ ሲወጣስ? ከጋን ሃኤም ጥቂት እርምጃ ሄድ ሲሉ የፌ ኖፍ የሚባለው መንገድ ላይ የሉዊ መናፈሻ መንገድ አለ። ከዚያ ወደቡ ይታያል፣ መርከቦቹ ይታያሉ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ አኮ ትታያለች። አየሩ ከጠራ በረዶ የለበሰው ሔርሞን ድረስ ይታያል። እግር ሥር ደግሞ የባሃኢ ሃይማኖት ተከታዮች አትክልት ሥፍራ ነው፤ ወርቃማ ጉልላት ያለው መቅደሳቸው መሐል ላይ ሆኖ 19 እርከን ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል። እርከኖቹ በ2001 ተከፈቱ፣ በ2008 ዩኔስኮ መዘገባቸው። መግቢያው ነጻ ነው። እንግዲህ ምንም የለውም።

ይህን ሁሉ ግሩፑ ላይ ከዘረዘርኩ በኋላ ጸጥታው ተሰበረ። ይሰበር እንጂ ባልተሰበረ ይሻል ነበር። መካሪ ፈላ። አንዱ በአዲሱ ራክባሊት ይሻላል አለ፤ ከወደ ሚፍራጽ ተነስቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው የሚወጣው፣ በ2022 የተከፈተው የአየር ላይ ገመድ። አንዷ በመኪና ነው የሚሻለው አለች። ሌላው መኪና ማቆሚያ አይገኝም አለ። ሌላዋ ወደ ላይ ለምን እንወጣለን፣ ባሕሩ ታች አይደል እንዴ አለች። «እኔም እመጣለሁ» ያለ አንድም ሰው የለም። ራቭ ካቭ የሚባለውን የጉዞ ካርድ እኔ እሞላለሁ ያለማ ከየት ይመጣል።

«በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ።» ይህን ተረት እንዴት እንደምወደው! አያቴ በሳምንት አንድ ጊዜ ካልተናገሩት አይተኙም ነበር። አሞሌ እኮ ከአፋር በረሃ ተጠርቦ በግመል የሚወጣ ጨው ነው፤ ለዘመናት ገንዘባችን ነበር። አንድ አሞሌ ማለት በቅሎ ለሚገዛ ሰው እዚህ ግባ የሚባል ብር አይደለም። ተረቱ ያቺን እንኳ አላገዙም ነው የሚለው። ምክሩ ግን በነጻ ይጎርፋል። ግዛ፣ ግዛ፣ በቅሎ ጥሩ ነው፣ ያቺን ዳማዋን ግዛ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ስለ ፈረስ አይደለም የተተረተው። ፈረስ ለሜዳ ነው። ለዳገት በቅሎ ናት። ገደል ዳር ሲደርሱ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ከጌታዋ ይልቅ እሷ ታውቃለች። የኛ አገር ካርመሊት በቅሎ ነበረች፤ ገመድ የላትም እንጂ። ደግሞ አያቴ ያንን ተረት ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚያዩት ወደ አንድ አጎቴ ነበር፣ እሱም ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ እንጀራውን ይቆርስ ነበር። ምን እንዳደረጋቸው ማንም ነግሮን አያውቅም።

በቅሎን ካነሳን አይቀር፣ ከዋርሳዬ ጋር ያለንን ያደረ ሒሳብም ላንሳው። ባሕር ዳር ሠርግ ሄደን ነበር። ክረምት ነው። ሙሽሮቹ በማግስቱ እንግዳውን ሁሉ በሚኒባስ ጭነው ጢስ ዓባይ ሊወስዱ ተነሱ። እኔ ጫማዬን አድርጌ ወጥቻለሁ። ዋርሳዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ «ውሃውን ለመብራት ጠልፈውታል፤ አሁን ምንም የለውም» አለ። ባለቤቴ ወንድሙን አመነ። እኔ ባለቤቴን ተከተልኩ። ውሃው ለኃይል ማመንጫ መጠለፉ እውነት ነው፤ በበጋ ሲጎድል ሰው ያዝናል። ግን ክረምት ነው እኮ! ዓባይ ሞልቶ እየጨሰ ነው! ማታ የሠርጉ ሰዎች ልብሳቸው በጢሱ ርሶ፣ እየሳቁ፣ እየተንጫጩ ተመለሱ። እኛ ቀኑን ሙሉ ስለ ያገለገለ ቶዮታ ዋጋ ሲነግረን ውለናል። ይህን ነገር አልረሳሁም። ልረሳውም አላሰብኩም።

ያናደደኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ተራራ ላይ መውጣት ለእኛ ለቤተ እስራኤሎች አዲስ ነገር መሆኑ ነው እንዴ? በየዓመቱ በአይሁድ አቆጣጠር ሄሽቫን 29 ለስግድ በዓላችን ኢየሩሳሌም አርሞን ሃነጺቭ የምንሄደው ምን ልናይ ነው? ቄሶቹ ባለ ጌጥ ጥላቸውን ዘርግተው ኦሪት ሲያነቡ፣ እናቶች እጃቸውን ወደ ከተማዋ ሲዘረጉ፣ ከከፍታ ሆኖ አሻግሮ ማየት ራሱ በዓል ነው። ሀገር ቤትም ተራራ ላይ ነበር የሚወጣው። ዋርሳዬ እዚያ ሁልጊዜ ይመጣል፣ ፎቶም ይነሳል። እዚያ «ምንም የለውም» ሲል አልሰማሁትም። ሊል አይደፍርም፤ እናቱ አጠገቡ ናቸዋ።

በነገራችን ላይ፣ ሃይፋ ውስጥ ይህቺ ንግግር ሌላም ሥራ አላት። ከተማዋ ተራራ ላይ የተደረደረች ናት። ታች ወደቡ፣ መሐል ሃዳር፣ ከላይ ካርሜል። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ቤቱ ይወደዳል፣ ዛፉ ይበዛል፣ ነፋሱም ይሻላል። ጠዋት ጠዋት ካርመሊት ውስጥ ከሚወጡት መሐል እላይ ያሉ ቤቶችን የሚያጸዱ፣ አዛውንት የሚጦሩ ሴቶች አሉ፤ የኛም እናቶች አሉበት። ቤት ስንፈልግ አንድ ደላላ ሃዳርን በመኪናው መስኮት እያሳየን «እዚህ ምንም የለም፣ እንለፍ» አለን። እንዴት ምንም የለም? ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሮማን የሚሸጠው ማን ነው? ሩሲያኛውን፣ ዓረብኛውን፣ አማርኛውን በአንድ ሕንጻ ደረጃ ላይ የሚያወራው ማን ነው? መሳዳ ጎዳና ላይ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው፣ ቡና ቤቱ ሞልቷል፣ ካርመሊትም እዚያው ይቆማል። «ምንም የለም» ሲባል ብዙውን ጊዜ «የምፈልገው ዓይነት ሰው የለም» ማለት ነው። ደላላው ይህን በግልጽ ቢለኝ ቢያንስ በአማርኛ እመልስለት ነበር።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ያልጠበቅኩት ድጋፍ የመጣው ከባለቤቴ አክስት ነው። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ናቸው። በድምፅ ላኩልኝ።

«ልጄ፣ እኔ ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግሬ ስመጣ ያልወጣሁት ተራራ የለም። ሌሊት ሌሊት ነው የወጣሁት፤ ከፍሎ የሚወጣ ሰውም አላየሁም። እዚያ ላይ ምን አለ?»

እሳቸው «ምንም የለውም» ቢሉ አፌን እይዝ ነበር። በዚያ መንገድ የቀበሩት ሰው አለ፤ ተራራ ጠግበዋል። ግን ጠየቁ። ደወልኩላቸው። መርከቦቹን ስነግራቸው «ወዴት ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉኝ። ቀርሜሎስ ስላቸው ደግሞ ድምፃቸው ተለወጠ። «ኤልያስ የበኣልን ነቢያት ያሳፈረበት?» አሉ። ያ ሙህራቃ የሚባለው ቦታ ራቅ ብሎ በተራራው ሌላ ጫፍ እንደሆነ፣ ካርመሊት እዚያ እንደማይደርስ አስረዳኋቸው።

«ተራራው ግን አንድ ነው?»

«አንድ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እወጣለሁ።»

እሳቸው ከወጡ ማን ይቀራል? በአንድ ሰዓት ውስጥ ግሩፑ ሁሉ ተጓዥ ሆነ። የቀረው ቀኑን መምረጥ ነው። ቅዳሜ ሁሉም ሰው ሥራ የለውም፤ ግን ሰንበት ነው፣ ካርመሊትም አይሠራም። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ሥራ ነው። አርብ ከሰዓት ካርመሊት ለሰንበት ይዘጋል፤ ሴቱም ዳቦና ወጥ ይዞታል። የቀረችን አርብ ጠዋት ናት። እዚህ ላይ ሁላችንም ተስማማን፤ ዋርሳዬ ሳይቀር። እሱ «መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ» አለ። መጠበቁ ምን ሊያይ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ባለቤቴ ሊያግዘኝ ብሎ ለእህቱ ልጅ በድምፅ «አርብ ሦስት ሰዓት፣ ፓሪስ አደባባይ» ብሎ ላከላት። እሱ የሀገር ቤቱን ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ልጅቷ እዚህ የተወለደች ናት። በስልኳ ቀጠሮ ከፍታ ለሁሉም አሰራጨችው፤ 15:00 ይላል። በዚያ ሰዓት የካርመሊት በር ተቆልፎ ነው የምናገኘው። ሁሉም «እመጣለሁ» የሚለውን ተጭነዋል። ወጥ ለመሥራት ጊዜ ተገኘ ብለው የተደሰቱም አሉ። አሁን አንድ በአንድ እየደወልኩ ነው። እትዬ ስልክ አያነሱም።