ረጅሙን ሌሊት አብሮ ማንጋት

የዓመቱን ረጅም ሌሊት ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ስለማክበር የጻፍከው ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ላርም። በዚያው ቀን ፀሐይ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ቀድማ ትጠልቃለች ያልከው ልክ አይደለም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ አገሮች፣ ፀሐይ ከሁሉ ቀድማ የምትጠልቅበት ቀን ከረጅሙ ሌሊት ቀደም ብሎ ያልፋል። ዲሴምበር 21 ወይም 22 የሚያጥረው ጠቅላላው የቀን ብርሃን ነው።

እኛ መብራት አጥፍተን ሻማ እናበራለን። ልጆቹ «እናነጋለን!» ብለው ይፎክራሉ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አያልፉም። ጎህ ሲቀድ እንቀሰቅሳቸዋለን፣ ካልቀሰቀስን ኩርፊያው አይቻልም።

አየርላንድ ያለው የኒውግሬንጅ መቃብር ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። የንጋት ፀሐይ ውስጠኛው ክፍል ድረስ የምትዘልቀው በነዚህ ቀናት ነው፤ ያውም ለ17 ደቂቃ ያህል። መቃብሩን የሠሩት ሰዎችም እንደኛ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር ይሆን?