«መሬት ፈልገሽ ነው አይደል?»

ተቃጥያለሁ። ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

በዚህ አገር የሞተ ሰው መፈለግ ወንጀል ሆነ እንዴ? የቅድመ አያቴ ስም ያለበት አንድ ወረቀት ልይ ብዬ ነው እንጂ የማንንም አጥር ልነቀንቅ አልሄድኩም።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ፤ ስለ እሱ ያላወራሁት ሰው የለም። ከመንዝ በኬንያ ጠረፍ ወዳለው ቦረና የወረደው። በቤታችን የሚወራው ይኸው ነው፦ በክፉ ቀን ከብቱ አለቀበት፣ ጠመንጃ አንግቶ ወታደር ሆነ፣ ከአድዋ በኋላ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ጦር ተከትሎ ወረደ፣ ሜጋ ላይ ጠረፍ ጠባቂ ሆኖ ቀረ። አለቀ። ሚስቱን የት አገኛት? የት ተቀበረ? ብትጠይቁ ሁሉም «እኔ እንጃ» ነው።

አያቴ በኋላ በኖረባት ከተማ መዝገብ ቤት የድሮ የግብር ደረሰኝና የርስት ክርክር ፋይል አለ ሲሉኝ ጊዜ በጠዋት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ስልኩን እየነካካ ነው።

«ምን ነበር?»

«የአያቴን አባት ፋይል ፈልጌ ነበር። ከጣልያን በፊት የነበሩ ሰው ናቸው።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለማወቅ።»

«ምኑን?»

«ማን እንደነበሩ።»

ያን ጊዜ ስልኩን አስቀመጠ። ለባልደረባው ዞሮ «ስማ፣ ይቺ ለማወቅ ነው ትላለች» አለው። ሁለቱም ሳቁ። «እህቴ፣ እንተዋወቅ። መሬት ፈልገሽ ነው አይደል?»

«መሬት አልፈልግም።»

«ካሳ ነዋ!»

«ካሳም አልፈልግም።»

«ታዲያ ፋይሉ ምን ያደርግልሻል?»

ምን ልመልስ? ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ መልሴን ይጠብቃል። አንዲት እናት ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ በዚህ አይሆንልሽም፣ ጠበቃ ያዢ» አሉኝ። አዝነውልኝ ነው እኮ! እሳቸውም አላመኑኝም።

ከዚያ ፍርዱ መጣ። «ወራሽነትሽን አረጋግጠሽ ነይ።» ለዚያ ደግሞ የሞት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። የማን ሞት? አያቴን ጠረፍ ላይ የወለደ ሰው! የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ቅድመ አያቴ ከየት አምጥቶ ነው የምስክር ወረቀት የሚይዘው? መታወቂያዬ ላይ ያለው ስም እንኳ አያቴ ጋ ይቆማል። የምፈልገው ሰው ከዚያ አንድ ስም ብቻ ያልፋል። በዚያች አንድ ስም ምክንያት ለመንግሥት ባዕድ ነኝ።

ልወጣ ስል ባልደረባው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የነፍጠኛ ፋይል እዚህ የለም።»

አዎ፣ ነፍጠኛ ነበር። ደብቄው አላውቅም። የዚያን ጊዜ ወታደር ደመወዝ አልነበረውም፤ በደመወዝ ፋንታ ገባር ነበር የሚመደብለት። ገባሩ ደግሞ ሰው ነው፣ ስም ያለው፣ ልጆች ያሉት። ለቅድመ አያቴ ስንት ቤተሰብ ነበር የሚገብረው? እነማን ነበሩ? ምን አደረገባቸው? ይህንንም እኮ ነው ማወቅ የምፈልገው! ሊሰድበኝ የተጠቀመበት ነገር እኔ እንቅልፍ ያጣሁበት ጥያቄ ነው።

ቢሮውን ተዉት። የገዛ አጎቴስ? የቤታችን ዳዊት እሱ ጋ ነው። ባዶ ቅጠሉ ላይ የልጆች ልደት ተጽፎበታል። በአንድ ተዝካር ላይ ለአፍታ አይቼዋለሁ። «በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ግንቦት» ይላል የአያቴ ልደት። ዓመተ ምሕረቱ ላይ የጧፍ ሰም ፈሶበታል። ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል፦ 1895፣ 1899፣ 1903፣ 1907፣ የኅዳር በሽታው 1911ም ራሱ። የትኛው ነው? ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዙሬ ላይ ስል ከእጄ ነጠቀኝ።

«ጋሼ፣ ፎቶ ብቻ ላንሳው።»

«ማን ላከሽ? የአባትሽ ድርሻ እንደሆነ ያኔ ተከፍሏል።»

እግዚኦ! የምን ድርሻ? የገጠር መሬት እኮ በየካቲት 1967 በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። የምንካፈለው የለም። ያ ዳዊት ግን እስከ ዛሬ እንደ ካርታ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ስልክ ደውላ ታቃጥለኛለች። የሥራ ባልደረባዋ ቅድመ አያት በ1862 እ.ኤ.አ. በወጣው የሰፋሪዎች ሕግ ነብራስካ ላይ 160 ኤከር የወሰደ ሰው ነው። ፋይሉን ከዋሽንግተን ብሔራዊ መዝገብ ቤት አስመጣ። ቤቱ ስንት ክፍል እንደነበር፣ ምን ያህል መሬት እንዳረሰ፣ ጎረቤቶቹ ምን ብለው እንደመሰከሩለት፣ ሁሉም አለ። መሬቱ ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑንም ሰውየው አንብቦ ያውቃል፤ ሳያፍር፣ ሳይደብቅ ያወራዋል። «ለምን ፈለግከው?» ያለው የለም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እኛ ጋ መከራው ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ሜጋን ጣልያን በ1928 ያዛት። በየካቲት 1933 የደቡብ አፍሪካ ጦር ተዋግቶ አስለቀቃት። በዚያ መሐል ወረቀት ይተርፋል ብዬ አልጠብቅም። እንግሊዞቹ ከ1900ው የድንበር ውል በፊትም ጀምሮ ሞያሌ ላይ ቁጭ ብለው ሪፖርት ይጽፉ ነበር፤ ወረቀታቸው ዛሬም ለንደን፣ ኪው በሚባለው ሰፈር ባለው ብሔራዊ መዝገብ ቤታቸው ውስጥ አለ። ግን ሹሙን እንጂ ተራውን ወታደር ማን በስሙ ይጽፈዋል? ስሙስ የትኛው ነው? ዳዊቱ ላይ በክርስትና ስሙ ነው ያለው። ጓደኞቹ በምን ይጠሩት እንደነበር አናውቅም። ሀብተ ጊዮርጊስን እንኳ ሰው የሚያውቃቸው በፈረስ ስማቸው፣ አባ መላ እያለ ነው። የሳቸው ግን ተጽፎ ቀረ።

የተረፈችውን አንድ ቅጠል ግን ጣልያን አይደለም የያዘብኝ። አጎቴ ነው።

ደክሞኛል። እዚያ መስኮት ጋ ደግሜ አልቆምም። አጎቴንም ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ እለው እንደሆነ እንጂ ከእንግዲህ አልለምነውም።

አሁን ያሰብኩት ያቤሎ መውረድ ነው። ቦረናዎች ዘመን የሚቆጥሩት በየስምንት ዓመቱ በሚፈራረቀው አባ ገዳ ነው፤ የትኛው ነገር በማን ዘመን እንደሆነ በቃላቸው የሚያወርዱ ሽማግሌዎች አሏቸው። ከኛ ሰም ከፈሰሰበት ዳዊት እነሱ ሳይሻሉ አይቀሩም። ኦሮምኛ አስተርጉሞልኝ አብሮኝ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ። ዘመዶቻችሁ ከጣልያን በፊት ሜጋ፣ ሞያሌ ወይም አሬሮ የነበሩም ካላችሁ የዳዊታችሁን ባዶ ቅጠል እዩልኝና ጻፉልኝ። ሽማግሌዎቹ ስለ እሱ ክፉ ነገር የሚያወሩ ከሆነም ሳትቀንሱ ንገሩኝ።