ፒንጌ ከፍ ስላለ ሌባ ነኝ?

አሁን ነው የሆነው። ላፕቶፑን ከድኜ በስልክ ነው የምጽፈው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ከኤስ ኦፍ ስፔድስ አባረሩኝ፤ በብሎክ እየገነባን በሁለት ቡድን የምንታኮስበት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ድምፅ ሰጥተው! 30 ደቂቃ ታግደሃል፣ ምክንያት፦ «ላግ»። ኢንተርኔትህ ከሰርቨሩ፣ ጨዋታውን ከሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ጋር ሲገናኝ ይዘገያል ማለት ነው፤ የመዘግየቱ ልክ ፒንግ ይባላል። ሌላ ምንም የለም። አንድ ሰዓት ከአርባ ሙሉ ጎንበስ ቀና ብዬ ግንብ ስሠራላቸው አምሽቼ በአንዲት ቃል አውጥተው ጣሉኝ።

ግንቡን ታውቁታላችሁ፤ ባለፈው ፎቶውን የላክሁላችሁ፣ የፋሲል ግንብ። የዛሬው ግን የዚያን እጥፍ ነበር። አራቱም ማዕዘን ላይ ክብ ማማ፣ በየማማው ጉልላት፣ የጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ። ቀለሙን ብቻ ስንቴ ቀየርኩት! የኛ ግንብ ድንጋይ እኮ ዝም ብሎ ቡናማ አይደለም፤ ዝናብ ሲመታው ሌላ ነው፣ የአሥር ሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ሌላ ነው። ጃን ተከል ዋርካው ጋ ቆሜ ስንት ቀን አይቼዋለሁ። በአንድ ጊዜ የምትይዘው ደግሞ 50 ብሎክ ብቻ ነው። ሲያልቅብህ ወይ መሬት ቆፍረህ ታወጣለህ፣ ወይ ድንኳኑ ድረስ ሮጠህ ትሞላለህ። በየሩጫው ከማዶ ኮረብታ የሚያነጣጥርብህ አለ። እንዲህ ሆኜ ነው የሠራሁት። ለጌጥ አይደለም፤ የቡድናችን ሻንጣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጠላት መጥቶ እንዳይወስደው ነው። ለእነሱ ነው!

አሁን ቻቱን ስሙ። በእንግሊዝኛ ነው የነበረው፤ እኔ ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

አንዱ ከአረንጓዴዎቹ ጀመረ፤ «ያ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚዘለው? አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ።»

የኔ ቡድን፣ ሰማያዊው፣ ቀበል አድርጎ፤ «ፒንጉን እዩት፣ 340።»

እኔ፤ «ይቅርታ፣ ኢትዮጵያ ነኝ። ሰርቨሩ ጀርመን ነው። እየተኮስኩ አይደለም፣ እየሠራሁ ነው።»

«ኢትዮጵያ ኢንተርኔት አለ?»

ሳቅ። ሳቅ። ሳቅ። አምስት ሰው በተራ ሳቀ።

«ኢንተርኔት ግዛና ተመለስ።»

እኔ፤ «ሻንጣውን እየጠበቅሁላችሁ ነው። ግንቡን እዩት እስቲ።»

ይኸኔ ነው አንዱ እንዲባረር ድምፅ ስጡ ብሎ የጻፈው። በዚህ ሰርቨር የሚቆጠረው «ይውጣ» የሚለው ብቻ ነው። «ይቆይ» ብለህ የምትጽፍበት ቦታ የለም። ዝም ያለ ሰው ዝም አለ ነው፣ ለአንተ ቆመ አይባልም። ልብ በሉ፣ እኔን የሚያድን ድምፅ አልነበረም።

ይሄም ይሁን። ፈረንጁ ምን ያውቃል፣ ጎንደርን በካርታ ላይ አሳየኝ ብትለው ጣቱ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነው የሚያርፈው። ያቃጠለኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እዚያው የኔ ቡድን ውስጥ አንድ ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ የሀበሻ ስም ነው። ሁለት ሳምንት አብረን ተጫውተናል። አውሮፓ ነው የሚኖረው፣ ፒንጉ 25 ነው። በቀደም ለታ መሬት ውስጥ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ቆፍሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ! እናቱ የደባርቅ ልጅ መሆኗን ነግሮኝ «በል አንድ ቤት ነን» ተባብለናል። ይሄ ልጅ በአማርኛ ምን ብሎ ጻፈ?

«ወንድሜ አይዞህ፣ ግን ጨዋታውን እያበላሸህብን ነው። ትንሽ አረፍ በል።»

ከዚያ «ይውጣ» ብሎ ድምፁን ሰጠ። የመጨረሻዋ የጎደለችው ድምፅ የሱ ነበረች። የሱ! ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት! «ወንድሜ» ብሎ ነው እኮ ያስወጣኝ። አምስቱ ሲስቁ ከሰማሁት ይልቅ ያቺ «ወንድሜ» ነች እስካሁን ጆሮዬ ላይ የምትጮኸው።

እስቲ አንድ ጊዜ ስሙኝ፣ ፒንግ ምንድን ነው? መልእክትህ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው። ከጎንደር እስከ ፍራንክፈርት በአየር ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ደርሶ መልስ 10,000 በሉት፤ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ቢል፣ መሐል ላይ ማንም ባይነካው እንኳን 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከዚያ በታች ንጉሥም ቢሆን አያወርደውም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ አይልም። እኛ ባሕር በር የለንም፤ በጅቡቲ ይሁን በኬንያ፣ በሰው አገር በኩል ወርዶ ነው ባሕር የሚገባው። ከዚያ ባሕር ለባሕር ዞሮ፣ ስንት ማሽን ላይ ቆሞ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ደህና በሚባል ቀን የኔ ፒንግ 190 ነው። 190 ይዤ ስጫወት ማንም አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ዛሬ 340 የሆነው እህቴ በዚያው ዋይፋይ የልደት ቪዲዮ እየላከች ስለነበር ነው። ሄጄ ለመንኳት። «ሦስት ደቂቃ ነው የቀረው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሦስት ደቂቃ ነበር የቀረው። ሦስት ደቂቃ አልጠበቁኝም።

ደግሞስ ማን ነው ተጎጂው? በዚህ ጨዋታ መታው አልመታውም የሚለውን የሚናገረው የተኳሹ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ሰዎቹ እኔን የሚያዩኝ ትንሽ ቀደም ብሎ በነበርኩበት ቦታ ነው። እኔ ግድግዳ ጀርባ ገብቼ፣ እፎይ ብዬ፣ ጥይት ልሞላ ስል እሞታለሁ። በቀን ስንት ጊዜ! አልጮህኩም። ብሎክ ሳስቀምጥም እንደዚያው ነው፣ ሰርቨሩ ተቀብሎ እስኪመልስልኝ ብሎኩ አይታየኝም። ድልድይ እየሠራሁ ስራመድ እግሬ ከብሎኩ ይቀድማል፣ ገደል ገባሁ። ያንን ግንብ በዚህ ዓይነት ነው የጨረስኩት፣ እያንዳንዷን ድንጋይ አስቀምጬ ቆሜ እየጠበቅሁ። 25 ፒንግ ያለው ልጅ ይሄን አንድ ቀን ሞክሮት ያውቃል?

እሺ፣ እኔ ስተኩስ እነሱም ግድግዳ ጀርባ ገብተው ይሞታሉ፣ ያበሳጫል፣ አውቃለሁ። ግን አልተኮስኩም አልኩ እኮ! አካፋ ነው የያዝኩት!

ስተኩስማ ሌላ ስም ነው የሚወጣልኝ። ባለፈው ወር፣ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሦስት ሰው ጭንቅላቱን ስመታ «ሃከር»፣ በፕሮግራም የሚያጭበረብር፣ አሉኝ። ጠመንጃዋን የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ደረት ከመታህ 49 ነው። ሁለቴ ብትመታው 98። ሁለት ነጥብ ነፍስ ይዞ ሮጦ ድንኳኑ ገብቶ ድኖ ይመለሳል። ጭንቅላት ከሆነ ግን አንዲት ጥይት ትበቃለች። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ጥይት የምተኩስበት ጊዜ ስለሌለኝ፣ ሁለተኛዋ እስክትደርስ ሰውዬው የለማ፣ ጭንቅላት መምታት ለመድኩ። ተገድጄ ነው የለመድኩት። ስስት ላግ፣ ሳልስት ሃከር። ምን ልሁንላቸው?

«ለምን ማይንክራፍት ሰርቨር አትገባም» የምትለኝ ልጅ ደግሞ አለች፣ ይሄን ስታነብ ስሟን ታውቀዋለች። እመቤቴ፣ ስንቴ ልንገርሽ። ማይንክራፍት ይገዛል፣ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው የሚገዛው፣ ካርዱን ከየት ላምጣ? ላፕቶፔስ 4 ጊጋ ራም ይዛ በየት በኩል ትችለዋለች? ብትችለውስ፣ እዚያ ጨዋታው ውስጥ ጠመንጃ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም። የጠመንጃ ሰርቨር የሚሉት መኮትኮቻውን ወይ ሌላ ዕቃ መልኩን ቀይረው ጠመንጃ አስመስለው ነው። ሰርቨሩ በሰከንድ 20 ጊዜ ነው የሚያስበው፣ በዚያ ላይ የኔ 340 ሲጨመርበት የተኮስኩት ጥይት ለጥምቀት ይደርሳል።

ይሄ የኛ ጨዋታ ግን እንደኔ ላለ ሰው የተሠራ ነው፤ የምናደደውም ለዚህ ነው። ኤስ ኦፍ ስፔድስን ቤን አክሶይ የሚባል ልጅ በ2011 እ.ኤ.አ. ሠርቶ በነፃ ነው የለቀቀው። ዱሮ የተጣለ ኮምፒውተር ላይ ሁሉ ይሠራል። በ2012 ጃጌክስ የሚባል ኩባንያ ወስዶ በገንዘብ የሚሸጥ ሌላ አወጣ፣ ያም በ2019 ተዘጋ። የመጀመሪያው፣ ነፃው፣ እስካሁን አለ። ደሞዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው ሰርቨሩን በየቤታቸው ያቆዩት። እኔ እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ፤ ከልቤ። ለዚያ ነው ተጫዋቹ ሲያባርረኝ ከራሴ ሰፈር የተባረርኩ ያህል የሚሰማኝ። በዓለም ላይ የቀረን ጥቂት ሰዎች ነን፣ ማታ ማታ ሰው ያለበት ሰርቨር በጣት ይቆጠራል፤ ከጥቂቶቹ ደግሞ አንዱን ታባርራለህ?

ከሁሉ ደስ ያለኝን ጊዜ ልንገራችሁ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ለብዙ ወራት የቆየበት ጊዜ። አዎ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት ባለበት። ቤት ተቀምጠን፣ ምሽት ላይ መውጣት የለም፣ ዜና የለም፣ ሰው ደህና ይሁን አይሁን አታውቅም። የአዘዞው ጓደኛዬ እኛ ቤት መጥቶ ያድር ነበር። የሰርቨሩን ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ነበረው፤ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው። በኔ ላፕቶፕ ከፈትነው፣ ራውተሩን ከኢንተርኔት ጋር ሳይሆን ለእርስ በርስ ብቻ ተጠቀምንበት፣ አራት ልጆች ገባን። ፒንጉን ሳይ 2! ሁለት ሚሊ ሰከንድ! ብሎክ ሳስቀምጥ ወዲያው ተቀመጠ። ግድግዳ ጀርባ ስገባ ዳንኩ። ለካ ጨዋታው እንዲህ ነበር። ያን ማታ ማንም አልቻለኝም። እናቴ ጫጫታውን ሰምታ መጥታ «ምን አግኝታችሁ ነው ልጆቼ» ብላ ቆማ አየችን፤ ቆሎ አመጣችልን።

መብራት እስኪሄድ ድረስ ተጫወትን። እሱም አለ፣ መብራቱን አላነሣሁትም። እሱን ከጀመርኩ አይነጋም።

አሁን ደግሞ አጎቴ፣ አክብሬ ነው የምናገረው ጋሼን፣ የተባረርኩ ዕለት ሁሉ «ሰው ለጨዋታ ይናደዳል?» ይለኛል። ጋሼ ኳስ ሲያይ ፋሲል ከነማ ከተሸነፈ እራት አይበላም፤ ማንም «ሰው ለኳስ ይናደዳል?» ብሎት አያውቅም። የኔ ግን ቁምነገር አይደለም። አንድ ሰዓት ከአርባ የደከምኩበት፣ ድንጋይ በድንጋይ የሠራሁት፣ ቁምነገር አይደለም።

እዚህ አገር ሰርቨር ቢኖረን ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። አዲስ አበባ ቢቀመጥ እንኳ እኔ ዘንድ ከፍራንክፈርቱ በብዙ እጥፍ ይቀርባል። ግን ማን ሊገባበት? አራታችን? ከአራታችን አንዱ ባሕር ዳር ሄዷል፣ አንዱ ሥራ ይዞ ማታ ይተኛል። ሰው ያለው እዚያ ነው፣ እዚያ ያለው ሰው ደግሞ አይፈልገኝም። ደከመኝ እውነቴን ነው።

30ው ደቂቃ አልቋል፣ ይሄን እየጻፍኩ። ገብቼ አየሁ። ካርታው ተቀይሯል። በረሃ ነው፣ ሌላ ዓለም ነው፣ ግንቤ የለም።

የአዘዞው ልጅ አሁን ደወለልኝ። እሱ አረንጓዴዎቹ ጋ ሆኖ እስከ መጨረሻው ነበር። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሰማያዊዎቹ ሁሉ ግንቡ ውስጥ ገብተው ከጥርሶቹ መሐል ሲተኩሱ አመሹ አለኝ። አረንጓዴዎቹ ከሥር እየቆፈሩ መሠረቱን በዙሪያው እስኪቆርጡት ድረስ ሻንጣውን ማንም አልነካውም። እግሩ ሲቆረጥ እንደምታውቁት ነው፣ ሁሉም በአንዴ ወረደ። ከመውደቁ በፊት ግን ፎቶ አንሥቶልኛል፣ አሁን ላከልኝ። ያምራል። ጉልላቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። በስተቀኝ ባለው ማማ ላይ፣ ጥርሱን ተከልሎ፣ ጠመንጃውን አውጥቶ የቆመ አንድ ሰማያዊ አለ። ስሙ ከራሱ በላይ ተጽፏል።

«ወንድሜ» ያለኝ ልጅ ነው።