አንጀት የሚበላ ገዳይ

የሰዉን ርኅራኄ ማየት የፈለገ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ጎራ ብሎ አንድ መለኪያ አረቄ ይበል። ብርዱን ሸሽቶ የገባው ሁሉ እዚያ ዳኛ ነው። ያውም አንጀቱ የሚራራ ዳኛ! ገዳዩ ሀብት ወይ ዝና ካለው ማለቴ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ የኦስካር ፒስቶሪየስን ነገር አነሱ። ያ ሁለት እግሩን ያጣው፣ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ 400 ሜትር የሮጠው ደቡብ አፍሪካዊ። ሯጭ ሲባል ደግሞ የኛ ነገር ይታወቃል። "ችሎት ላይ ሲያስመልሰው አይተሃል? ባልዲ አቀረቡለት እኮ!" አሉኝ። በቃ፣ ቤቱ ሁሉ ባልዲ ሆነ። በየት በኩል እንደተቀመጠ ተወራ። ፕላስቲክ ነው፣ ቆርቆሮ ነው ተብሎ ሁለት ሰው ሊጣላ ነበር። አንዱ ያ ባልዲ ሙዚየም መግባት አለበት አለ። የቤቱ ባለቤት እትዬ አረቄውን እየቀዱ "አይ ልጄን! ውኃስ ሰጡት?" አሉ። እኔ ሦስተኛውን ስጨርስ ባልዲው ገና አልተነሳም።

ሟቿስ? ስሟን የጠራ የለም። "እሷስ ምን ብላው ይሆን?" ያለ ግን አልጠፋም።

ሪቫ ስቲንካምፕ ትባላለች። የፒስቶሪየስ ፍቅረኛ ነበረች። 29 ዓመቷ ነበር። ሕግ የተማረች ልጅ ናት። በፈረንጆቹ 2013፣ በየካቲት ሌሊት፣ በተቆለፈ የመጸዳጃ ቤት በር አሳልፎ አራት ጊዜ ተኮሰ። ከተቆለፈ በር ጀርባ ሆና ምን ብትለው ነው አራት ጥይት የሚገባት? ንገሩኛ!

ይቅርታ፣ ጨዋታ አበላሸሁ። የቅጣቱን ነገር ያየ የፋሲካ በግ ክርክር ነው የሚለው። መጀመሪያ 5 ዓመት ተባለ። ቀጥሎ 6። ዐቃቤ ሕግ አያዋጣም ብሎ ይግባኝ እያለ 13 ዓመት ከ5 ወር አደረሰው። በ2024 መጀመሪያ በአመክሮ ወጣ።

እኛም ብንሆን አንታማም። የባለፎቁ ልጅ ሰው ሲገድል ሣልስቱ ሳይወጣ ሽማግሌው ተሰልፎ ደም ለማድረቅ ሟች ቤት ይንበረከካል። የድሃ ልጅ ሲገድል ግን ሽማግሌውን ሁሉ ጉልበቱን ያመዋል።

በዚያው ምሽት ወሬው መንዝ ገባ። አንድ ጎረምሳ የሰው በግ ነድቷል ተብሎ ተይዟል። ገና ችሎት አልቀረበም። ጋሼ ግን ፈርደው ጨርሰዋል። "እጁን ነበር!"

"ምናልባት ቸግሮት ይሆናላ።"

"የቸገረው ሁሉ ይሰርቃል? አይኑን አይተኸዋል? አይኑ ራሱ ሌባ ነው።"

"ችሎት ላይ ቢያለቅስስ ጋሼ?"

መለኪያቸውን ገለበጡት። "የአዞ እንባ!" አሉ። እትዬም "እውነት ነው" ብለው ደገሙላቸው።