አርብ ማታ በፐብ፣ ቅዳሜ ማታ በከዚራ

ጎረቤቴ ፖስታ አዳይ ነው። በምኖርባት አነስተኛ የሰሜን እንግሊዝ ከተማ በየማለዳው ቀይ ቦርሳውን አንግቶ ከደጅ ደጅ ሲዞር አየዋለሁ። አርብ ማታ ደግሞ በፐብ፣ ማለትም በሰፈሩ መጠጥ ቤት፣ ድራም ይመታል። ቤዝ ጊታር የሚይዘው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሊድ ጊታሩን የሚጫወተው የሒሳብ መምህር፣ ድምፃዊቷ ነርስ፣ ኪቦርድ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጡረተኛ ናቸው። የራሳቸው የሚባል አንድም ዘፈን የላቸውም። ሰፈሩ በወጣትነቱ ሲሰማቸው ያደጋቸውን የሮክ ዘፈኖች መልሰው ይጫወቱለታል፤ ሰፈሩም እያንዳንዱን ስንኝ ያውቀዋል።

መድረክ የሚባል ነገር የለም። ከፐቡ ጥግ ሁለት ጠረጴዛ ይነሣና ቦታ ይለቀቅላቸዋል። መጀመሪያ አሮጌ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ሲመታ ድራሙ ወደፊት እየተንሸራተተ ስለሚያስቸግር ነው። ሰው እንዳይጠልፈው ገመዱን ከወለሉ ጋር በፕላስተር ያጣብቁታል። ድምፅ ማጉያውን ራሳቸው ተሸክመው ያስገባሉ፣ ራሳቸው ተሸክመው ያስወጣሉ። ባለፈው ወር 250 ፓውንድ ተከፈላቸው፤ ለአምስት ሲካፈል የነዳጅና የእራት ነው። በክረምት መውጫ የሰፈር በዓል ሲኖር፣ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ መዋጮ ሲሰበሰብ ደግሞ በነፃ ይጫወታሉ። ሰኞ ጠዋት ፖስታ አዳዩ ወደ ፖስታው፣ መምህሩ ወደ ሒሳቡ ይመለሳል።

መጀመሪያ ያየሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልጅነቴ ጊታር ልማር ብዬ ስጠይቅ አባቴ የመለሱልኝ ትዝ አለኝ፤ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» አሉኝ፣ አበቃ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። በዘመኑ የሚያውቁት ሁለት ዓይነት ሰው ነበር፤ ዝነኛ ድምፃዊና ምስኪን አዝማሪ። በመካከል ሠርቶ የሚያድር፣ አርብ ማታ ግን ለሰፈሩ የሚጫወት ሰው ሊኖር እንደሚችል ማንም አላሳያቸውም።

እንግሊዝ አገር ለዚህ መካከለኛ ሰው ሕጉም ቦታ ትቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሕግ መሠረት መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የታጀበ ሙዚቃ ለማቅረብ የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ የታዳሚው ቁጥር በመጀመሪያ እስከ 200 ነበር፣ በ2015 ወደ 500 ከፍ አለ። ቤቱ ለሙዚቃ መብት በየዓመቱ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ወደ ግጥምና ዜማ ደራሲዎቹ ይሄዳል። እኛ ዘንድ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት አለፈው! በሆቴል ምሽት የሰው ዘፈን ሲዘፈን ለደራሲው ሲከፈል ግን አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ድሬዳዋ ነበርኩ። ድግሱ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር፣ በአንድ ሆቴል ግቢ ነው። አንድ ልጅ ኪቦርድ ፊት ተቀምጧል፤ ከአጠገቡ አንድ ድምፃዊ ቆሟል። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ዋሽንቱም የሚወጣው ከዚያችው ኪቦርድ ነው። ድምፃዊው ግን ድንቅ ነበር። በአማርኛ ጀምሮ ወደ ኦሮምኛ አለፈ፣ ከዚያ ወደ ሶማሊኛ፣ መሸት ሲል አንድ የሐረሪ ዘፈን አመጣ። በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚነሣው ሰው ሌላ ይመስላችኋል፤ ያው ሰው ነው የሚነሣው! ድሬ እንዲህ ናት። የእንግሊዝ ጎረቤቶቼ ብርጭቆ ይዘው ሦስተኛው ዘፈን እስኪደርስ አይነቃነቁም፤ እዚህ አያቶች ሳይቀሩ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ትከሻቸውን ይዘው ወጡ፣ የድምፃዊው ግንባር በብር ኖት ተሸፈነ። እንዲህ ያለ ታዳሚ ያላት ከተማ ድራሟን የሚመታላት ሰው ማጣቷ አሳዘነኝ።

ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የተቆረቆረችው ድሬ እኮ የባንድ ድሃ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ በተቋቋመው አፍራን ቀሎ በተባለው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ነው አሊ ቢራ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው የጀመረው፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ የዘፈነው ያ ልጅ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ የቀበሌ ኪነት ቡድን ነበር። የሚዘፈነው ከላይ የታዘዘ ነበር፤ ብዙ ወጣት የማያምንበትን መፈክር በዜማ ተናግሯል፣ ይህ መረሳት የለበትም። ሆኖም ያ ቡድን ለድሃው ልጅ መሣሪያ ያስጨብጥ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ኪነቱም አብሮ ፈረሰ፣ በቦታው የተተካለት የለም።

በሠርጉ ማግስት መጋላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ ልብስ ሰፊ ሄድኩ። የሰፈራችን ኪነት ጊታሪስት ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ጊታራቸው ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሁለት ክር ብቻ ቀርቶታል።

«አቦ ልጄ፣ ያኔም ቢሆን ክር ከየት ይመጣል?» አሉኝ። «የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተርትረን ነበር የምናስረው። ጣታችን ይደማል፤ ግን ይጮህልን ነበር።»

ልጆችን እንዲያስተምሩ የጠየቃቸው ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁለት ልጆች መጥተው እንደነበር፣ መለማመጃ ቦታ ስለጠፋ ሱቁ ውስጥ ቢሞክሩ ደንበኛ መቆሚያ እንዳጣ ነገሩኝ። የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ከየወጣት ማእከሉ በሳምንት ሁለት ማታ የሚከፈት አንድ ክፍል፣ አንድ ድራም፣ ሁለት ጊታር። ዝነኛ ለማድረግ አይደለም። ባጃጅ ነጂው፣ ነርሷና መምህሩ በጥምቀትና በኢድ ማግስት ለሰፈራቸው እንዲጫወቱ ነው። አራት ቋንቋ የሚዘፍን የሰፈር ባንድ ድሬ ባታወጣ ማን ያወጣል?

ጋሼ በልብስ መለኪያ ሜትራቸው ጊታሩን ከራሱ እስከ ድልድዩ ለክተው፣ ቁጥሩን በጨርቅ ጠመኔ ቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፉልኝ። እንግሊዝ ስመለስ ካርቶኑን ለሒሳብ መምህሩ አሳየሁት፤ ሦስት ሙሉ ጥቅል ክር አውጥቶ ሰጠኝ። በመጋቢት ወደ ድሬ በሚሄድ ሰው ላክሁ። ባለፈው እሁድ ጋሼ ደወሉና ስልኩን ጊታሩ አጠገብ አስቀምጠው ሲቃኙ አሰሙኝ። አራተኛዋ ክር እምቢ አለች፤ አጠበቋት፣ ላላች፣ ደግመው አጠበቋት። ከኋላቸው አንድ ልጅ «ጋሼ፣ እኔ ልያዘው?» ይላል።