ይድረስ ለክቡር ባለ አራት ጎማ ሻንጣችን

ጉዳዩ፦ ከቬኒሱ የፍቅር ጉዞ መሰናበትዎን ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጎማዎ፣ ዚፕዎ፣ ሲፈልግ ወጥቶ ሲፈልግ አልገባም የሚለው እጀታዎ እንዴት ናቸው? እኔ ከወገቤ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

በመጪው ኤፕሪል እኔና ባለቤቴ ለአጭር ዕረፍት ወደ ቬኒስ ልንሄድ ማሰባችንን ሳይሰሙ አይቀሩም። ቁም ሳጥን አናት ላይ ለሚኖር የማይሰማ ወሬ የለም። ልጆቹን አክስታቸው ዘንድ ትተን፣ ከሙኒክ በባቡር፣ ሁለታችን ብቻ። ይሁን እንጂ ዕቅዱ በተነሳ ቁጥር እርስዎ ሳይጠሩ አቤት፣ ሳይላኩ ወዴት እያሉ መሀላችን ተዘርግተው ይገኛሉ።

ሆቴሉን እንውሰድ። ባለቤቴ ዓይኗን የጣለችው ዶርሶዱሮ የሚባለው ሰፈር ላይ ነበር። ዛተሬ ከተባለው ሰፊ የውሃ ዳር መንገድ አጠገብ፣ ማታ ማታ አይስክሬም ይዞ የጁዴካን ቦይ እያዩ ቁጭ የሚባልበት ቦታ ነው። ወዲያው ጥያቄ መጣ፦ «ከጀልባው እስከ ሆቴሉ ስንት ድልድይ አለ?» ይህ የእርስዎ ጥያቄ ነው። በባዶ እጁ የሚሄድ ሰው ድልድይ አይቆጥርም። ክርክሩ ሲከር ወደ ሊስታ ዲ ስፓኛ ማዘንበል ጀመርን፤ ከሳንታ ሉቺያ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ግራ፣ አንድም ድልድይ ሳይሻገሩ የሚደረስበት፣ ግራና ቀኙ ርካሽ ጭምብልና የማቀዝቀዣ ማግኔት የሚቸረቸርበት ጎዳና። ለፍቅር ብለን ወጥተን ለእርስዎ ምቾት ጣቢያ በር ላይ ልናድር ነው።

እስኪ ከተማዋ ምን በደለችዎት? ከ400 በላይ ድልድዮች አሏት፤ አብዛኞቹ ባለ ደረጃ ናቸው። መኪና ፒያሳሌ ሮማ ላይ ሲደርስ ወግ ይዞ ይቆማል። ባቡርም ሳንታ ሉቺያ ላይ ያበቃል። ብስክሌት እንኳ ቦታዬ አይደለም ብሎ ቀርቷል። ማፈር ያቃተዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ከጣቢያው ሲወጡ በስተግራ እ.ኤ.አ. በ1934 የተሠራው የስካልዚ የድንጋይ ድልድይ አለ። ፎቶ ላይ ጥንዶች የሚሳሳሙበት እሱ ነው። በአካል ሄዶ ላየው ግን ጥንዶቹ የደረጃው አጋማሽ ላይ ቆመው ያለከልካሉ። ባል እጀታውን በሁለት እጁ አንቆ አንድ ደረጃ ያነሳል፣ ዷ! ሌላ ደረጃ፣ ዷ! አራቱ ጎማዎች አየር ላይ በከንቱ ይሽከረከራሉ፤ አንደኛው ላይ የተጠመጠመ የፀጉር ጉንጉን ይታያል። ሚስት ከላይ ሆና ስልኳን እያዟዟረች ካርታው ሰሜኑን እስኪያገኝ ትጠብቃለች። «ለሁለት ሌሊት ሦስት ጫማ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነገር በየትኛውም ቋንቋ ቢነገር ከሰውየው ፊት ይነበባል። ከኋላቸው የተሰለፈው ሕዝብ ሠርገኛ ይመስላል፤ የሚዘፍን የለም እንጂ።

በስተቀኝ ያለውን፣ አርክቴክቱ ካላትራቫ የነደፈውን ድልድይ ደግሞ ባናነሳው ይሻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፈት ደረጃዎቹ መስታወት ነበሩ። መስታወት ያንሸራትታል፤ ሲወቀርም ይሰነጠቃል። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ነዳፊው 78,000 ዩሮ እንዲከፍል ተፈረደበት። ደረጃውን ፈጁት ከተባሉት መካከል የእርስዎ ዘመዶች ስም ሲነሳ ሰምቻለሁ፤ ሳንቲም ያዋጣ ሻንጣ ግን አልሰማሁም።

ድምፅዎስ? ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያልፍበት መተላለፊያ፣ በንጣፍ ድንጋይ ላይ ኳ ኳ ኳ እያሉ ሲያልፉ ምድር ቤት የተኛው ሕፃን ይነቃል፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊትም ይነቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጎማው የሚንኳኳ ሻንጣ የሚጎትተውን እስከ 500 ዩሮ የሚያስቀጣ ደንብ ሊወጣ ነው ተብሎ ወሬው ዓለምን አዳርሶ ነበር። ኋላ ግን ደንቡ ዕቃ አመላላሽ ጋሪዎችን እንጂ ቱሪስትን አይመለከትም ተባለ፤ እርስዎም በነፃ ተለቀቁ። አስተውለው ከሆነ የጋሪ ገፊዎቹ ጋሪ ፊት ለፊቱ ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ ደረጃው ጫፍ ላይ ያስደግፉትና ብድግ ያደርጉታል። ለከተማው ታስቦ የተሠራ ማለት እሱ ነው።

ቬኒስ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ደስታ መጥፋት ነው። አድራሻ ብለው የሚሰጡዎት የሰፈር ስምና አራት አኃዝ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም የመንገዱ ሳይሆን የመላው ሰፈር ነው። ስድስቱም ሰፈሮች እያንዳንዳቸው ከ1 ተነስተው በየስርቻው እየተጠማዘዙ ወደ ሺዎቹ ይቆጥራሉ። ፖስተኛው እንዴት እንደሚዘልቀው እሱ ያውቃል። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲጠፋ፣ መንገዱ ድንገት ውሃ ላይ ሲያበቃ፣ ያኔ ነው ሳቁ የሚመጣው። እርስዎን እየጎተቱ መጥፋት ግን ሌላ ነው፤ ውሃው ጋ ሲደረስ የሚመጣው ሐሳብ እርስዎን የሚመለከት ነው፤ ዝርዝሩን ልተወው።

የቀድሞ መንገደኞችስ እንዴት ይጓዙ ነበር? እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች የቅዱስ ማርቆስን አጽም ከእስክንድርያ ሲሰርቁ በቅርጫት ከተው በአሳማ ሥጋ ሸፈኑት፤ ፈታሾቹም ሥጋውን ተጸይፈው አሳለፏቸው። ለዘመናት ጳጳስ ከመንበረ ማርቆስ ስናስመጣ የኖርን ሰዎች ነንና ነገሩ ይቆጨናል። ቢሆንም ባለ ጎማ ሻንጣ አላስፈለጋቸውም። አፄ ዳዊት የላኳቸው መልእክተኞችም እ.ኤ.አ. በ1402 ቬኒስ ሲገቡ ነብሮች ይዘው ነበር። ነብር ቢያንስ ድልድዩን በገዛ እግሩ ይሻገራል።

ቀኑን ኤፕሪል 25 ላይ ለማድረግ አስበናል። የቅዱስ ማርቆስ በዓል ነው፤ የቬኒስ ወንድ ለሚወዳት ሴት ያልፈነዳ ቀይ ጽጌረዳ ይሰጣል፤ ቦኮሎ ይሉታል። በአንድ እጄ ጽጌረዳ፣ በሌላው እርስዎን ይዤ ምን እንደምመስል ይታይዎት። ቀኑ ሌላም ጣጣ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተማዋ ከቀን ጎብኚ 5 ዩሮ የመግቢያ ክፍያ መሰብሰብ የጀመረችው በዚያው ዕለት ነው፤ በ2025 ደግሞ ዘግይቶ ለሚከፍል 10 አደረገችው። እዚያው የሚያድር ሰው ነፃ ነው፤ ነገር ግን ነፃ መሆኑን አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ላለመክፈልም ወረቀት ማስጨረስ የእኛ አገር ቀበሌ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን የአንድ ሰው ቦታ ይዘው፣ የሁለት ሰው እግር ረግጠው፣ ያለ ምዝገባ ይገባሉ።

ጎንዶላው ላይም ተስፋ እንዳያደርጉ። የከተማው ታሪፍ ቀን ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ለ35 ደቂቃ 110 ነው። ሒሳቡ የጀልባው እንጂ የሰው አይደለም፤ እስከ አምስት ሰው ይጭናል። ባለቤቴ «አምስት ሰው ከሆነማ...» ብላ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ቀና ስትል ያየኋት ዕለት ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የቆረጥኩት። ካስፈለገ ከሳንታ ሶፊያ ወደ ሪያልቶ ገበያ በምታሻግረው ጎንዶላ፣ በትራጌቶዋ፣ በ2 ዩሮ ቆመን እንሻገራለን። ፍቅር ያለው ሰው ቁሞም ይሄዳል።

ዋናው ጥፋትዎ ጎማ አይደለም፣ ክቡር ሆይ። ባዶ ቦታ ነው። ሹራብ ሲገባ «ቦታ አለ» ይላሉ። ሁለተኛ ሹራብ፣ «ቦታ አለ»። ካውያ፣ «ቦታ አለ»። ባለፈው ለቅዳሜና እሁድ ስንወጣ ከጎንዎ ኪስ ግማሽ ኪሎ በሶ ተገኘ፤ ማን እንዳስገባው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኛ ሐበሾች ባዶ ሻንጣ ስናይ የሚያመን ሰዎች ነን፤ ይህን ድካማችንን አውቀው ነው የሚጫወቱብን።

ስለዚህ ከዚህ ጉዞ ተሰናብተዋል። በቦታዎ ሁለት የትከሻ ቦርሳዎች ተመድበዋል። አልጋውን ዶርሶዱሮ ይዘናል። ወደ አገር ቤት ስንሄድ ግን ክብርዎ አይነካም፤ የተፈቀደው 23 ኪሎ፣ ሚዛን ላይ የሚደረገው ልመና፣ በመልሱም በርበሬው፣ ሽሮውና ድርቆሹ እንደ ወትሮው የእርስዎ ናቸው። ያን ሥራ የትከሻ ቦርሳ አይችለውም።

ከሰላምታ ጋር፣
ወገቡን የያዘው

ግልባጭ፦
ለፀጉር ማድረቂያ፣ ሆቴሉ የራሱ ስላለው ዕረፍት ላይ እንዲቆይ
ለጥቁሩ ታኮ ጫማ፣ ጉዳይዎ በባለቤቴ ይግባኝ ላይ ይገኛል